ነጥብ የሚበላው ካሴት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት፣ ደሴ በጉም ተሸፍና የጦሳ ተራራ ከነጭራሹ በማይታይበት ሰዓት፣ ከኮምቦልቻ የመጣውን የእህቴን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1986 ፋሚኮም ለተባለው የቴሌቪዥን ጌም መሣሪያው ያወጣውን የመረብ ኳስ ጨዋታ በላፕቶፔ ላይ ከፈትሁ። ስሙ «ቮሊቦል» ነው፤ ሌላ ማጌጫ የለውም። እኔ ያወቅሁት ግን በ1995 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ ጌም ቤት ውስጥ፣ ብዙ ጨዋታዎችን አንድ ላይ በያዘ ቢጫ ካሴት ነበር፤ አልሠራ ሲለን አውጥተን እፍ እንልበትና መልሰን እንሰካው ነበር።

የጌም ቤቱ ባለቤት የሚያስከፍሉን በጨዋታ ነበር። ለእግር ኳሱና ለመኪና እሽቅድምድሙ ይህ አሠራር ተስማምቷቸው ነበር፤ መረብ ኳሱ ግን አከሰራቸው። ሁለት ልጆች ግማሽ ሰዓት ያህል ተፋልመው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው 4 ለ 3 ነው። ኳሷ ሜዳ ላይ ስታርፍ «ገባች!» ብለን እንጮሃለን፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። የስፖርት መምህራችን ያስተማሩን እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ እንደሚያስገኝና ዙሩ በ25 እንደሚያልቅ ስለነበር፣ ካሴቱ ተበላሽቷል ብለን ደመደምን፤ «ነጥብ በሊታው» የሚል ስምም አወጣንለት። ጋሼም አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አልቆ «ልጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ ሒሳቡ በሰዓት ነው» አሉን።

ካሴቱ ግን ጤነኛ ነበር። ጨዋታው በተሠራበት ዘመን በነበረው ደንብ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቪስ የመታው ቡድን ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ቡድን ቢያሸንፍ ሰርቪሱን ይወስዳል እንጂ ቁጥሩ አይጨምርለትም፤ ዙሩም የሚያልቀው በ15 ነው። ዓለም አቀፉ የመረብ ኳስ ፌዴሬሽን ዛሬ የምናውቀውን የ25 ነጥብ አቆጣጠር የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ አንዱ ምክንያትም ግጥሚያው መቼ እንደሚያልቅ አለመታወቁ ለቴሌቪዥን ሥርጭት ማስቸገሩ ነበር። ፌዴሬሽኑን ያስጨነቀው ጉዳይ ጋሼን ካስጨነቃቸው ብዙም አይርቅም ማለት ነው። እኛ በአዲሱ ደንብ ተምረን በአሮጌው ደንብ እየተጫወትን፣ ጥፋቱን ሁሉ በካሴቱ ላይ አላክከን ኖረናል።

በጨዋታው ውስጥ ካሉት ስምንት ብሔራዊ ቡድኖች መካከል ከአፍሪካ ያለችው ቱኒዚያ ብቻ ስለሆነች፣ ያኔ ጠባችን ሁሉ እሷን ለመያዝ ነበር። እሑድም ያለ ምርጫ ለራሴ ወሰድኋት፤ ልጁ ብራዚልን ያዘ። ጨዋታው አሁንም አስቸጋሪ መሆኑን አልሸሽግም፤ ከናፍቆቴ የተነሣ ላሞግሰውም አልፈልግም። ስድስት ስድስት ሆነው የቆሙት ተጫዋቾች እንደ ጉንዳን ያነሱ ናቸው፤ ኳሷ ወደ ላይ ስትወጣ ዓይን እሷን ይከተላል፣ መከተል ያለበት ግን መሬት ላይ ያለውን ጥላዋን ነው። ይህን ለልጁ እየነገርሁት እንኳ እኔው ራሴ ወደ ላይ አንጋጥጬ ሦስት ሰርቪስ ተቆጠረብኝ። ጣቶቼ ጆይስቲኩን እንጂ የላፕቶፑን ቁልፎች አያውቁም የሚል ሰበብ አቀረብሁ፤ ልጁ አልተቀበለኝም።

እሱም በተራው ጥሩ ኳስ መትቶ ቁጥሩ ሳይለወጥ ሲቀር፣ ልክ እንደ እኛ፣ «አጎቴ፣ ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ። ደንቡን አስረዳሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ ነጥብ ከማሳደድ ይልቅ መጀመሪያ ሰርቪሱን ለመንጠቅ መጫወት ጀመረ፤ እኔ ግን በዚያ ቢጫ ካሴት ላይ በፈጀሁት ጊዜ ሁሉ ይህ ዘዴ አንድ ቀንም አልታየኝም ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ 6 ለ 5 ላይ ደረስን። የሐረጎን ቁልቁለት ጉሙ ሳይብስበት እንዲወርድ ወደ መናኸሪያ መሄድ ስለነበረበት፣ ጃኬቱን እየለበሰ ላፕቶፑን ስዘጋ አየኝና ከበሩ ላይ ተመለሰ። «ሰርቪሱ የእኔ ነው፤ እንዳታጠፋው» አለኝ። እኔም ባለበት አስቀምጬለታለሁ።