በሕመሜ ሌሊት የሰማኝ አምላክ

የጌታ ስም ይመስገን። የተበጠሰው የጉልበቴ የፊት መስቀለኛ ጅማት በቀዶ ሕክምና ከተተካ በኋላ፣ በመጀመሪያዋ ሌሊት እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመሰክር እወዳለሁ።

ከጭኔ ጀርባ ጅማት ተወስዶ ሲተካልኝ ምንም አልተሰማኝም፤ እግሬ በነርቭ ማደንዘዣ ደንዝዞ ነበርና። ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ በአንድ ጊዜ እንደሚነሣ፣ ስለዚህም መድኃኒቱን አስቀድሜ መዋጥ እንደሚገባኝ ነርሷ ደጋግማ ነግራኝ ነበር፤ ጌታ ዘመኗን ይባርክ። እንዳለችኝ አደረግሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ግን መጀመሪያ ጣቶቼን ነዘረኝ፣ ቀጥሎም ጉልበቴ ከልቤ ምት ጋር እየተከተለ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። የዋጥሁት የሕመም ማስታገሻ፣ ትራማዶሉ፣ አስታወከኝ። ፓራሲታሞል እንዳልጨምር በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ ጉበትን ይጎዳል፤ የሚቀጥለው መዋጫ ሰዓትም አልደረሰም። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ። የእኔ ግን ልመና አልነበረም፤ ቁጣ ነበር። «ልጅህ ብሆን ኖሮ እንዲህ ትተወኝ ነበር?» አልሁት፤ አልደብቅም።

እኅቴ አልገሠጸችኝም። ከልጅነታችን የምናውቀውን መዝሙር በለሆሳስ እያዜመች ለተረኛው ሐኪም ደወለች። እርሱም ሳይቸኩል፣ እግሬን በትራስ ከልቤ ከፍ እንድታደርግ፣ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልላ ለ20 ደቂቃ ያህል እንድታኖርልኝ፣ የላይኛውን ፋሻ እንድታላላና ባቴ አብጦ እንደ ሆነ እንድታይ ነገራት። ያስታወክሁትን ክኒን እንዳልደግም፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታዘዘልኝን አይቡፕሮፌን ግን ጥቂት ምግብ ቀምሼ እንድወስድ አዘዘ። ፋሻው ሲላላ የሽመናው መስመር በቆዳዬ ላይ ታትሞ ታየ። ጥዝጣዜው ቀስ በቀስ በረደ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ። «ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጠዋት ግን ደስታ ይሆናል» የተባለውን በዓይኔ አየሁ።

ሊጠይቀኝ የመጣ አንድ ወንድም «ጸሎትህ ከተሰማ ክኒኑ ለምን?» አለኝ። ሕዝቅያስም ጸሎቱ ተሰምቶለት ሳለ ኢሳይያስ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያኖሩለት አዝዟል። እኔም የለመንሁት ሕመሙ እንዲቀልልኝ ነበር፤ ጌታም በነርሷ ምክር፣ በሐኪሙ ትዕግሥትና በመድኃኒቱ ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ወራቱ በክራንችና በፊዚዮቴራፒ አለፉ። ፓራሲታሞሉም ከልምምድ በፊት ብቻ የምወስደው ሆነ፣ በኋላም ቀረ። ተንበርክኮ መጸለይ ለጊዜው ስላልተፈቀደልኝ ቆሜ አመሰግነዋለሁ፤ ያን ሌሊት አብራኝ ለነቃችው እኅቴም እርሱ ብድራቷን ይክፈልልኝ። አሜን።