አፌን የጠበቀልኝ

«ከሰማኸኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ስለት ነበረብኝ። ይኸው።

ደሴ ተወልጄ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እናቴ ጎረቤት ለጠየቃት ሁሉ እሺ የምትለው ደስ እያላት ነው። እኔ ግን እሺ የምለው ፈርቼ ነበር። ልዩነቱ የገባኝ በ34 ዓመቴ ነው።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ሪፖርት እሠራለሁ፣ የሰው ተራ እሸፍናለሁ። ለሠርግ ሲዋጣ ተበድሬም ቢሆን ከሁሉም በላይ አወጣለሁ። አንድ ባልደረባዬ ብድር ሊወስድ «ዋስ ሁኚኝ» አለኝ። ሆዴ እምቢ እያለ አፌ እሺ አለ። ፈረምኩ። ሰውየው ሥራ ለቀቀ፣ ስልኩም ጠፋ። ዕዳው ከእኔ ደመወዝ ይቆረጥ ጀመር።

ለማንም አልተናገርኩም። ውጭ እየሳቅኩ ቤት ስገባ ልጆቼ ላይ እጮህ ነበር። ንስሐ አባቴ ዘንድ የሄድኩትም ቁጣዬን ልናዘዝ ነው። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ውሸቱንስ ልጄ?» አሉኝ።

«የቱን ውሸት አባ?»

«ሆድሽ እምቢ እያለ እሺ ያልሽውን።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። በእኔ ቤት የተበደልኩት እኔ ነኝ! እሳቸው ግን ማቴዎስ 5፥37ን አስታወሱኝ፤ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን የሚለውን። «አንቺ ግማሹን ብቻ ነው የያዝሽው» አሉ።

ስግደት ሰጡኝ። ከዳዊትም «ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለውን በየጠዋቱ እንድጸልይ አዘዙኝ። እኔ ያንን ለሐሜት ነበር የማውቀው። ከራሴ ደግሞ «መድኃኔዓለም፣ ጀግና አታድርገኝ፤ አንዲት ቃል ብቻ ስጠኝ» እያልኩ ጨመርኩበት።

ሁለት ወር ምንም የለም። እንዲያውም መሀል ላይ የማልፈልገው ዕቁብ ገባሁ።

ከዚያ አንድ ማታ ሚኒባሱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሌላ ባልደረባዬ ዋስ እንድሆነው ጠየቀኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። ወዲያው የገዛ ድምፄን ሰማሁት፦ «አልችልም።» ልጄ ታሟል፣ ባሌ አይፈቅድም፣ ምንም አልደረደርኩም። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ቦርሳዬን ጨምቄ ያዝኩ።

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አብሽሪ፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ።» ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። ዕድሜ ልኬን የፈራሁት ነገር በአንድ አብሽሪ አለቀ። ፒያሳ ስወርድ እያለቀስኩ ነበር። ስሙ ይመስገን።

ሁሉም ግን አብሽሪ አላለኝም። አንዲት የቅርብ ዘመዴ እንዳኮረፈችኝ ነው፤ ለፋሲካም አልደወለችም። ያመኛል። የዋስትናው ዕዳም 5 ወር ይቀረዋል። እሱን በተአምር አልሰረዘልኝም፣ እየከፈልኩ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን በርበሬ ስትቀነጥስ እንዳግዛት ጠራችኝ። እሺ አልኩ። ዓይኔ በበርበሬው እየተለበለበ ሆዴን አዳመጥኩት። እሱም እሺ ብሏል።