ለቮልሴ ክሪክ የመረጥኩት ከወደቀች በኋላ ነው

አዳማ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1965 ሞዴል ቮልስ እነዳለሁ። ከገዛኋት አራት ዓመት ሆነኝ። ይህን የምጽፈው አሮጌ መኪና ላላችሁ ነው፤ በተለይ «ክሪክ አለኝ» ብላችሁ ኮፈኑን ዘግታችሁ ለምትሄዱ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እናቴን መንገድ ዳር ያን ያህል አላስደነግጣትም ነበር።

መኪናዋን ስገዛ ክሪኩም አብሮ መጣ። የፋብሪካው የራሱ ነው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ክንዱ ከበሩ በታች ካለው መርገጫ ስር ባለች አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይሰካል፣ አንድ ጎኗን ሙሉ ያነሳል። ኦሪጅናል በመሆኑ በጣም ኮራሁበት። ግራሶ ቀባሁት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከፊት ኮፈኑ ውስጥ ካለው ስኮርታ ጎማ አጠገብ አስቀመጥኩት። በግራ በኩል አንድ ጊዜ ሞከርኩት፤ ሠራ። በቀኝ አልሞከርኩትም።

ከዚያ ለቦሎ ምርመራ ወሰድኳት። መርማሪው «ክሪክ አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ጎንበስ ብሎ ስሯን በባትሪ አየና «ንጹሕ ናት» አለ። ንጹሕ የመሰለችው የቀድሞው ባለቤት ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ቀለም ስላስቀባት ነው። በመፍቻ ጫፍ አንዴ ቆርቆር ቢያደርገው ኖሮ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከእሱ ይልቅ ግን በራሴ ነው የምናደደው። ማንም ባይነግረኝ በሁለቱም ጎን መሞከር የእኔ ሥራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴን ይዤ ለቅሶ ልንደርስ ወደ አሰላ ጉዞ ጀመርን። አዋሽ መልካሳን አልፈን ዴራ ሳንደርስ የቀኝ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ዳር ያዝኩ። ዳሩ አፈር ነው፣ ትንሽ ወደ ቦዩ ያዘነብላል። እናቴን አወረድኳት፤ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከፍ ካለው ዳር ቆመች። ድንጋይ ከፊት ጎማዎች ስር ወተፍኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ቅጠል ቆርጬ ከኋላ መንገዱ ላይ ጣልኩ። ብሎኖቹንም ሳላነሳት አላላኋቸው። እስከዚህ ድረስ ስህተት አልሠራሁም።

ክሪኩን ሰካሁና ማንሳት ጀመርኩ። የዚያ ዘመን ቮልስ ቦዲዋን ስታነሱት የኋላ ጎማው አብሮ አይነሳም። ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይንጠለጠላል። ጎማው መሬት እስኪለቅ በጣም ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔም ከፍ አደረግኩ። መሐል ላይ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ቀይ ዝገት እንደ በርበሬ ዱቄት ክሪኩ ክንድ ላይ ረገፈ። አየሁት። በዓይኔ አየሁት። «የቆየ ቆሻሻ ነው» ብዬ ቀጠልኩ። ይህችን ሰከንድ ብመልሳት ደስ ይለኝ ነበር።

ጎማውን አወጣሁ። ስኮርታው ገና ኮፈኑ ውስጥ ነው። እኔ ተንበርክኬ ታምቡሩ ላይ የተጋገረውን አፈር በእጄ እጠርጋለሁ። እናቴ ከዳር ሆና መርገጫው ሲጎብጥ ታያለች። «ልጄ፣ እጅህን አውጣ!» አለችኝ። ድምጿ አስደንግጦኝ ቀና አልኩ። ያኔ ወረደች።

ታምቡሩ አፈሩ ውስጥ ተቀበረ። የክሪኩ ክንድ ወለሉን ቀድዶ ከኋላ ወንበር ስር ገብቷል። የቀኙ በር ተዛብቶ አልዘጋም አለ። እጄን አገላብጬ አየሁት፤ ጭረት እንኳን የለውም። እናቴ ጃንጥላዋን ጥላ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። እኔ ቃል አልወጣኝም።

ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ስር፣ በቀኝ በኩል ነው። ለዓመታት የተንጠባጠበ አሲድ ወለሉን በልቶታል። ክሪኩ የሚሰካበት ብረት የተበየደው ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። የግራው ደህና ሆኖ የቀኙ የበሰበሰው ለዚህ ነው። ቮልስ ካላችሁ ዛሬውኑ ወንበሩን አንስታችሁ በመፍቻ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት።

አንድ አይሱዙ ቆመልን። ሹፌሩ «አይዞህ ወንድሜ» ብሎ ረዳቱን ክሪክ እንዲያወርድ አዘዘው። ጠርሙስ የሚመስለው፣ በዘይት የሚሠራው ክሪክ ነው። የጭነት መኪና ስለሚያነሳ ተንፈስ አልኩ። ግን አልገባም! ክሪኩ ጨርሶ ዝቅ ብሎ እንኳን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆማል፤ ከቮልሴ ስር ያን ያህል ቦታ አልነበረም። ረዳቱ በደረቱ ተኝቶ በጎማ መፍቻ መሬቱን ቆፈረ፣ እኔ አፈሩን በእጄ አወጣሁ። አስገባነው። ሲነፋ ግን መኪናዋ መነሳቷ ቀርቶ ክሪኩ አፈሩ ውስጥ ሰመጠ። እንደገና አውጥተን ቆፈርን፣ ከስሩ ጣውላ አነጠፍን። ሹፌሩ ከኋላ እግሯ አጠገብ ያለውን ወፍራም ብረት በጣቱ እየነካ «ላሜራ አታንሳ፣ ብረት አንሳ» አለኝ። ቀስ ብላ ተነሳች።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ገንዘብ አንቀበልም አሉ። እናቴ ለለቅሶ ቤት የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው። በሩን በሰጡን ገመድ አስረን ወደ አዳማ ተመለስን። ለቅሶው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ክሪክ በወሬ መምረጥ አቆምኩ። መጀመሪያ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ «ባለ 5 ቶኑን ውሰድ፣ አስተማማኝ ነው» አለኝ። ቮልስ ባዶዋን 800 ኪሎ አትሞላም! ቶን አትጠይቁ። መጠየቅ ካለባችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሲታጠፍ ቁመቱ ስንት ነው? ሲዘረጋ የት ይደርሳል? ያኔ ይህን ሳላውቅ የዘይቱን ክሪክ ትንሹን ገዛሁ። ከታች አሁንም አይገባም። አጋድሜ ስላስቀመጥኩትም ዘይቱ እየወጣ ኮፈኑ ውስጥ ያለውን ምንጣፍ አበላሸው። ቆሞ ካልተቀመጠ አትያዙት።

ባለ ጎማውን የጋራዥ ክሪክ ከጎረቤት ተውሼ ሞከርኩ። ሲሚንቶ ላይ ግሩም ነው፤ አፈር ላይ ጎማዎቹ አይንቀሳቀሱም፣ ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ገና ሳልነካው ተውኩት፤ እሱ 12 ቮልት ይፈልጋል፣ የእኔዋ በ6 ቮልት ነው የምትሠራው።

የመረጥኩት ከአሮጌ ቪትዝ የወጣ፣ እንደ መቀስ የሚታጠፈውን ክሪክ ነው። ታጥፎ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዘይት የለውም፣ ተጋድሞም ይኖራል። ጥርሱን በግራሶ አሸሁት፤ ዝቅ ብሎ ሳለ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከባድ ናቸውና አትደንግጡ። አናቱ ላይ ያለው ስንጥቅ የተሠራው ለቪትዝ ጠርዝ ስለሆነ፣ ጎሚስታ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ወፍራም ማረፊያ ሠራልኝ። ከስሩ የሚነጠፍ፣ ጎኑ 30 በ30 የሆነ ጣውላም አለኝ። ጣውላው ከክሪኩ እኩል አስፈላጊ ነው፤ ተጨማሪ ዕቃ አድርጋችሁ አትዩት።

የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ከጎን አንሱ ይላል። እኔ አልስማማም። ያ ምክር ለአዲስ መኪና የተጻፈ ነው፤ ስልሳ ዓመት ለሞላት መኪና አይሆንም። ከኋላ፣ ሾኩ ከታች የሚታሰርበትን ወፍራም ብረት አንሱ። እዚያ ጎማው ከክሪኩ ጋር አብሮ ይነሳል፣ ብዙ ከፍታም አይፈጅም። ከፊት ደግሞ ሁለቱን እግሮች የሚያገናኘውን ቱቦ አንሱ። ሞተርና ካምቢዮ ስር በፍጹም። ጎማ ከመፍታታችሁ በፊት ስኮርታውን አውጥታችሁ ከወለሉ ጠርዝ ስር አጋድሙት። ክሪኩ ቢከዳችሁ እሱ ላይ ታርፋለች። ያን ቀን ይህን ብቻ ባደርግ ታምቡሩ አፈር አይነካም ነበር።

ስትሞክሩ ደግሞ ጎማውን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱት። በተነፋ ጎማ የተሞከረ ክሪክ ያታልላል፤ መንገድ ላይ መኪናዋ ዝቅ ብላ ነው የምትጠብቃችሁ። እኔ ግቢያችን አፈር ላይ፣ ማታ፣ በእጅ ባትሪ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ቀን 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ሦስተኛው ቀን 15። የቮልስ ጎማ በብሎን ስለሚታሰር ቀዳዳ ማግጠሙ ብቻውን ሥራ ነው፤ ጎማውን በእግራችሁ ጫፍ ደገፍ አድርጉት። ጎሚስታው በአየር መፍቻ ካጠበቀላችሁም መፍቻችሁ ላይ የሚገባ ረጅም ቱቦ ያዙ። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ የግራ ጎማ ቢተነፍስብኝ በምንም ክሪክ አልቀይረውም፤ ወጥቼ ከአጥሩ አጠገብ ቆሜ ስልክ እደውላለሁ።

ያን የቀኝ ጎን በያጅ በአዲስ ላሜራ ሠርቶልኛል፣ የክሪኩንም ቀዳዳ እንደነበረው መልሶታል። «አሁን ሁለት ቮልስ ይሸከማል» ብሎኛል። ኦሪጅናሉን ክሪክ አቃንቼ ቤት አስቀምጬዋለሁ። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አልሰካሁትም።