የሰው ጦርነት

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያት የለውም፤ ካለውም ዝናቡ ነው። እንዲህ ባለ ቀን እጄ የሚሄደው ወደዚያ መደርደሪያ ነው፤ ሚስቴ «የቤት ኪራያችን የተቀበረበት» ወደምትለው።

አውርጄ ያየሁት የእንግሊዝ የጦር ሚኒስቴር በ1881 ያሳተመውን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዙሉ መንግሥት ላይ የተካሄደውን ዘመቻ ይፋዊ ዘገባ ነው (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ጽሑፉ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይደርቃል፤ እኔን የሚያስረኝ ካርታው ነው። ትንፋሼን ይዤ ዘረጋሁት። እጥፋቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ ባለፈው ካየሁት የረዘመ መሰለኝ። ከኢሳንድልዋና ተራራ አጠገብ እርጅና ያመጣው ቡናማ ነጠብጣብ አርፏል። እዚያ ተራራ ሥር ነው፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1879፣ ወደ 20,000 የሚጠጋ የዙሉ ጦር የእንግሊዞችን ሰፈር ጠራርጎ ከ1,300 በላይ ሰው የገደለው። አዛዡ ሎርድ ቼልምስፎርድ ሌሊቱን የጦሩን ገሚስ ይዞ ጠላት ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ጠላት እሱ ከሄደበት አልነበረም።

መደርደሪያዬ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ደራሲዎች ግን ይህን ቀን በጥድፊያ ያልፉትና ሮርክስ ድሪፍት ላይ ድንኳን ይተክላሉ፤ መቶ ሃምሳ የሚያህሉ ወታደሮች ያን ዕለት ማታ የተከላከሉትን፣ 11 የቪክቶሪያ መስቀል፣ የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳልያ፣ የተሸለመበትን ግቢ እየዞሩ ያወድሳሉ። የተሸነፈ መንግሥት ሜዳልያ አይሰስትም። እዚያው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የናታል ጳጳስ ልጅ፣ ፍራንሲስ ኮሌንሶ ብቻ፣ ገና በ1880፣ ጦርነቱ ፍትሕ የሌለው መሆኑን ዘርዝራ ጽፋለች። የእሷን መጽሐፍ ጀርባው ተገንጥሎ ነው የገዛሁት። ሙሉውን የምገዛበት አቅም የለኝም።

ቼልምስፎርድን ሳስብ ሌላ ነገር መጣብኝ። ይህ ሰው ማዕረጉን ከመውረሱ በፊት፣ ገና ቴሲጀር ሲባል፣ በ1868 ከናፒየር ጋር ወደ እኛ አገር ዘምቶ ነበር። የልጅ ልጁ ደግሞ በ1910 አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ተወለደ። ከዚህ በኋላ ካርታውን ማየቴን እንጃ።

ልዑል ዓለማየሁም የሞተው በዚያው በ1879 ነው፤ ኖቬምበር ላይ፣ ሊድስ ውስጥ፣ በ18 ዓመቱ። ከእሱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እንደ እሱ እንግሊዝ አገር በስደት ያደገው የናፖሊዮን ሦስተኛ ልጅ ከእንግሊዞች ጋር ዘምቶ በዙሉ ጦር ወድቋል፤ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። እናቱ እቴጌ ኡዤኒ በዓመቱ ባሕር ተሻግረው ልጃቸው የወደቀበትን ሜዳ አዩ። እቴጌ ጥሩወርቅ ግን ከመቅደላ ከልጃቸው ጋር ወደ ባሕር ሲወሰዱ መንገድ ላይ ነው ያረፉት። ልጃቸው የት እንደሚደርስ እንኳን አላዩም።

እኔ ደግሞ ስለ መቅደላ የተጻፈ አንድም መጽሐፍ የለኝም። ሻጩ ሽማግሌ የእኔን ነገር ስለሚያውቁ አንድ ሲገኝ «የአገርህ ነገር መጥቷል» ይሉኛል፤ እኔም ገልጬ ሥዕሎቹን ዓይቼ «ተወደደ» ብዬ እመልሳለሁ። ዋጋው ከዙሉዎቹ እንደሚረክስ ሁለታችንም እናውቃለን። የሰው ጦርነት ሲሆን የአዛዡን ስሕተት፣ የጥይቱን ሣጥን፣ የካርታውን ስንጥቅ ማየት እችላለሁ። የእኛው ሲሆን ልጁ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ምናልባት ደርባን ውስጥ አንድ ዙሉ ይኖር ይሆናል፤ የራሱን ሸሽቶ ስለ መቅደላ የተጻፈውን ሁሉ የሚሰበስብ፣ ሚስቱም እንደ እኔዋ የምታጉረመርምበት። ቢገኝ እንለዋወጥ ነበር? እሱ እሺ ይበል እንጂ፣ እኔ ካርታውን የምሰጠው አይመስለኝም።