በአዋሽ ፓርክ የመንገድ ድምፅን እንዴት ለካሁ?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያልፍ፣ የተሽከርካሪ ድምፅ በዱር እንስሳትና በጎብኚዎች ላይ የሚያሳድረውን ጫና ለማጥናት የመረጥሁት ይህንን ቦታ ነበር። ከፓርኩ ስካውቶች ጋር ተመካክሬ የመጀመሪያውን የድምፅ መለኪያ ከአስፋልቱ ዳር፣ ሌሎቹን ደግሞ ርቀቱን እጥፍ እያደረግሁ ወደ ኢላላ ሳላ ሜዳ ውስጥ ተከልሁ። ነፋስ ማይክሮፎኑን ሲመታው ንባቡን ስለሚያሳስት እያንዳንዱን በስፖንጅ ሸፈንሁት፤ ቁጥር ብቻውን የተሳቢን ጉርምርምታ ከፏፏቴ ድምፅ ለይቶ ስለማይናገርም አጠገቡ መቅረጫ አኖርሁ።

ተሽከርካሪ ከማይቋረጥበት መንገድ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል ይባላል። ሜዳው ላይ ግን ሰዓቱ ከርቀቱ ባልተናነሰ ይወስናል። ንጋት ላይ ለመሬት የቀረበው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ፣ ድምፁ ወደ ላይ መበተኑ ቀርቶ ወደ ምድር እየታጠፈ ሩቅ ይደርሳል፤ ይህም ወፎች አብዝተው በሚዘምሩበት ሰዓት መሆኑ ነው። የ24 ሰዓት አማካይ ብቻ የያዘ ሪፖርት ይህንን አያሳይም። የመኪና ድምፅ ኃይል በአብዛኛው ከ2,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ጉርናኔ መለኪያ) በታች በመሆኑ፣ በቅጂዎቹ ላይ ቀድሞ የሚዋጠው እንደ ዋኔ ያሉ በጎርናና ድምፅ የሚጠሩ ወፎች ጥሪ ነው።

“እንስሳቱ ለምደውታል” የሚለው አባባል አያሳምነኝም። እርግጥ ነው፣ ሳላዎቹ የተሳቢዎቹን ጉርምርምታ ከምንም ሳይቆጥሩ ይግጣሉ፤ አንድ ሹፌር መንገድ ለዘጋበት የከብት መንጋ ክላክስ ሲያስጮኽ ግን አንዷ ሳላ የያዘችውን ሣር ሳትውጥ ቀንዷን ቀና፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቆመች። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ያላስደነገጣት ጉርምርምታ ነው፤ ብትለምደውም የአዳኝን ኮቴ ከመሸፈን አያግደውምና።

በጎብኚዎች በኩል ያለው ነገር ቀለል ያለ ነው፦ እንስሳ ባዩ ቁጥር ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙ መኪኖች በቅርብ ርቀት ከአውራ ጎዳናው ይብሳሉ። በካሊፎርኒያው ሙር ዉድስ ደን ጎብኚዎች ጸጥ እንዲሉ የሚጠይቁ ምልክቶች ብቻ ተተክለው ድምፁ በ3 ዴሲቤል ገደማ ቀንሷል፤ ይህም የድምፁ ኃይል በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ለአዋሽ የማቀርበው ሐሳብ በሜዳው መግቢያ “ሞተር ያጥፉ” የሚል ምልክት እንዲተከልና በአውራ ጎዳናው ላይ ከምሽት እስከ ንጋት የፍጥነት ወሰን እንዲጠበቅ ነው።