«ሽንፈቶቹ የት ሄዱ?»

የምሠራው ቪዲዮ ኤዲቲንግ ቤት ነው። ሠርግም ይሁን ማስታወቂያ፣ የመጣውን እንቆርጣለን። አንድ ጃፓን ኖሮ የመጣ ደንበኛ ስለ ሬስለሩ ቴትሱያ ናይቶ አጭር የአማርኛ ቪዲዮ አዘዘን። ሥራው ለአዲሱ ልጅ ተሰጠ።

ልጁ እጁ ፈጣን ነው። ዝላይ፣ ውርወራ፣ ጩኸት፣ መጨረሻ ላይ ቀበቶ። አለቃችን በጣም ወደደለት። ደንበኛው ግን እንዳየው ደወለ።

«ሽንፈቶቹ የት ሄዱ?»

«ጋሼ፣ ውጤቱ እኮ ቀድሞ የተወሰነ ነው። ሽንፈት ምን ያደርግልናል?» አለ ልጁ። ሁላችንም ያሰብነው ይህንኑ ነበር።

«ስለተወሰነማ ነው! ማን፣ መቼ ይሸነፍ የሚለው ነው ታሪኩ» አለና አስረዳን።

ናይቶ በ2013 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ጂ ዋን ክላይማክስ የተባለውን የበጋ ውድድር አሸነፈ። በዚህ ድል ጃንዋሪ 4 ቀን 2014 ቶኪዮ ዶም በተባለው ስታዲየም ከሻምፒዮኑ ኦካዳ ጋር ለዋናው ቀበቶ ሊገጥም ሆነ። ተመልካቹ ግን አልወደደውም። አዘጋጁ ድርጅት ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ «የምሽቱ መዝጊያ የትኛው ግጥሚያ ይሁን?» ብሎ ሕዝቡን ድምፅ አሰጠ። ሕዝቡ የሌሎቹን ሬስለሮች፣ የናካሙራንና የታናሃሺን ግጥሚያ መረጠ። ናይቶ ትልቁ ክብር ከሆነው ከመዝጊያነት ወረደ። ተሸነፈም።

በ2015 ሜክሲኮ ሄዶ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። የማይቸኩል፣ ለማንም ግድ የሌለው፣ ቀበቶውን ወርውሮ የሚሄድ። ያው የጠላው ሕዝብ ይጮህለት ጀመር። በ2018 ዶሙን የመዝጋት ዕድል አገኘ፤ አሁንም በኦካዳ ተሸነፈ። ጃንዋሪ 5 ቀን 2020 ኦካዳን ጣለው። ማይክ ይዞ እንደ ልማዱ የራሱን የሬስለሮች ቡድን ስም ከሕዝቡ ጋር ሊጠራ ሲል ግን ኬንታ የሚባል ሌላ ሬስለር ገብቶ ደበደበው። ያን ጥሪ ዶም ውስጥ የጨረሰው ጃንዋሪ 4 ቀን 2024፣ ሻምፒዮኑን ሳናዳን አሸንፎ ነው። ድፍን አሥር ዓመት!

«በ2014 ያወረደው ሕዝብ ነው» አለ ደንበኛው። «በ2024 አብሮት የጮኸው የራሱን ዕዳ እየከፈለ ነው። አንተ ዕዳውን ቆርጠህ ክፍያውን ብቻ አሳየኸኝ።»

እኔ በዚህ ተረታሁ። አለቃችን ስለ ኦቨርታይም አጉረመረመ። አዲሱ ቪዲዮ ከድምፅ አሰጣጡ ጀመረ፤ ርዝመቱም እጥፍ ሆነ። ልጁ ማታ ቢሮ ቀርቶ ሲያይ አገኘሁት።

«ያ ኬንታ የሚባለው ሰውዬ ግን ዝም ተባለ እንዴ?»

አልተባለም። ከድብደባው በቀጠለው ወር፣ በፌብሩዋሪ 2020፣ ኦሳካ ላይ ናይቶ ዘረረው። ልጁ ይህንንም ካልጨመርኩ ብሎ ከአለቃችን ጋር ተጣላ።