«ወፍራሙን ጎማ ልግዛ ወይ?» ላለኝ ልጅ

ቅዳሜ ጠዋት ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ መኪናችንን የምናቆምበት ግቢ ስገባ አንድ ወጣት ሾፌር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሦስት ዓመት ለሰው ነድቷል። አሁን የራሱን ትራክ ሊገዛ ነው። ሁለት መኪና አይቷል። አንዱ ከኋላ የለመድነውን ድርብ ጎማ የገጠመ ነው። ሌላው በየጎኑ አንድ አንድ ወፍራም ጎማ ብቻ ነው ያለው፤ እኛ ሱፐር ሲንግል የምንለው።

«ጋሼ፣ የቱን ልውሰድ? ወፍራሙ ነዳጅ ይቆጥባል ይላሉ።»

«መጀመሪያ ምን እንደምትጭን ንገረኝ» አልኩት።

ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ በነዳጅ ይጀምረዋል። እኔ በሁለቱም ነድቻለሁ፤ በነዳጅ ከጀመርን እንሳሳታለን ብዬ አምናለሁ። ለእሱ የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው፣ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ አይደለምና።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ሴሚ ትራክ ከነትሬለሩ 18 ጎማ አለው። ሁለቱ ከፊት ናቸው። የቀሩት 16ቱ በትራኩና በትሬለሩ አራት አክስሎች (ጎማ የሚይዙ ዘንጎች) ጫፍ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። ሱፐር ሲንግል ጥንዱን በአንድ ሰፊ ጎማ ይተካል። ስለዚህ 18ቱ 10 ይሆናሉ። በብዛት የሚታየው ስፋቱ 445 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ሚሽሊን ኤክስ ዋን ብሎ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ።

እኔ የቀየርኩት በክብደት ምክንያት ነው። የምጭነው ሥጋ ነው፤ ከግሪሊ ወደ ፖርትላንድ። ሥጋ ከባድ ነው። በሕግ የተፈቀደልን አጠቃላይ ክብደት 80,000 ፓውንድ ነው። እኔ ደግሞ ከማቀዝቀዣው ሞተርና ከሞላ ነዳጅ ጋር ባዶዬን 36,200 ነበርኩ። 44,000 ፓውንድ ሎድ (ጭነት) ሲመጣ 200 ፓውንድ ይበልጥብኛል። ለ200 ፓውንድ ብዬ ጥሩ ሎድ ለሌላ ሰው የተውኩባቸው ቀናት አሉ። ወይ ደግሞ ግማሽ ታንክ ነዳጅ ይዤ እነሳለሁ፣ ከዚያ በየመንገዱ ውዱን እቀዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የትራኩንም የትሬለሩንም ጎማ ወደ ሱፐር ሲንግል ቀየርኩ። የብረቱ ቸርኬ ወጥቶ ሰፊው አሉሚኒየም ገባ። ካት ስኬል (የትራክ ሚዛን) ላይ ወጥቼ ወረቀቱን ሳየው ወደ 900 ፓውንድ ቀለል ብያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ 44,000 ሲሉኝ «እሺ» ነው መልሴ። ያ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ነዳጁም እውነት ነው፣ አልክድም። ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ያ መታጠፍ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ከነዳጃችን የወጣ ነው። ጥንድ ጎማ አራት ጎን አለው፣ ወፍራሙ ሁለት ብቻ። እኔ በጋሎን ከ6.7 ማይል ወደ 6.9 ገደማ አየሁ። በዓመት 120,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ይህ ወደ 500 ጋሎን ነው። ግን ፍጥነቴን ከ70 ወደ 64 ሳወርድ ያገኘሁት ከዚህ ይበልጣል፣ ለዚያ ደግሞ ጎማ መግዛት አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ጥር ወር ነው፣ አይ-80 አውራ ጎዳና ላይ፣ ዋዮሚንግ። ራውሊንስን አልፌ ወደ ሮክ ስፕሪንግስ እየሄድኩ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል። ያን አካባቢ የነዳ ያውቀዋል፤ ነፋስና ጨለማ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ላራሚ ቆሜ ጎማዎቹን በእንጨት መዶሻ መትቻቸው ነበር። ሁሉም ደህና ድምፅ ሰጡ። አንዱ ግን ቀስ እያለ ሲተነፍስ ቆይቷል። ዋምሰተር አጠገብ ትራኩ ከኋላ በግራ በኩል ጎንበስ ሲል ተሰማኝ። ዳር ይዤ እስክቆም ቸርኬው አስፋልቱን ነክቷል።

ድርብ ቢሆን ጓደኛው ይይዘው ነበር። ወፍራሙ ጓደኛ የለውም። ሲተኛ ትራኩም አብሮ ይተኛል።

ሰርቪስ ደወልኩ። የእኔ መጠን ያለው ጎማ በቅርብ አልተገኘም። ሰፊው ቸርኬም እንደዚያው። በመጨረሻ ሁለቱም ከሶልት ሌክ ሲቲ መጡ። አሥር ሰዓት ቆምኩ። ከኋላዬ 44,000 ፓውንድ ሥጋ፣ የማቀዝቀዣው ሞተር እያጓራ፣ እኔ በየሃያ ደቂቃው የሙቀቱን ቁጥር እያየሁ። ቀጠሮዬ አለፈ። ጎማው፣ ቸርኬው፣ የሌሊት ጥሪው ተደምሮ በዓመቱ በነዳጅ ካተረፍኩት ብዙውን ወሰደው። ድርብ ጎማ ቢሆን ኖሮ መጠኑ በየትራክ ስቶፑ ይገኝ ነበር።

ይህን ስነግረው ልጁ ፊቱ በራ። «እሱማ ድርብ ይሻላል፣ አንዱ ቢፈነዳ በሌላው ትሄዳለህ» አለ።

እዚህ ላይ አቆምኩት፣ ምክንያቱም ይህ ነገር ሰው ያስጎዳል። የትራኩ ሁለት የኋላ አክስሎች አንድ ላይ 34,000 ፓውንድ ሲሸከሙ ለስምንት ጎማ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 4,250 ይደርሰዋል። አንዱ ሲሞት ጎረቤቱ የሁለቱን፣ 8,500 ይይዛል። የተለመደው 295/75 ጎማ ለብቻው የሚችለው ደግሞ 6,175 ነው። «በሌላው እሄዳለሁ» ማለት ሁለተኛውንም እያቃጠሉ መሄድ ነው። የፌዴራሉ ሕግም በተነፈሰ ጎማ መንዳትን ይከለክላል። የድርብ ጥቅሙ መንገዱ ዳር በሰላም ቀጥ ብለህ እንድትቆም ጊዜ መስጠቱ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ያን ሌሊት እኔ ያጣሁት እሱን ነው።

ድርብ ደግሞ የራሱ ችግር አለው፣ የውስጠኛው ጎማ። አባቴ በፊያት ኤን ትሬ የጭነት መኪና የአሰብን መንገድ ነድቷል፣ መንገዱ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ። በየማቆሚያው ወርዶ ጎማውን በእጁ ጀርባ ይነካ ነበር። ነፋስ የጎደለው ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ እጁ ይነግረዋል። በሁለቱ ጎማ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ካለ ረዳቱ በብረት ያወጣዋል። «የሚታየውን ማንም ያየዋል፣ አንተ የውስጡን እይ» ይለው ነበር አባቴ ረዳቱን። ሚሌ ላይ በዚያ ሙቀት፣ እጁን አሳልፎ የውስጡን ሲፈልግ በልጅነቴ አብሬው ሆኜ አይቻለሁ።

እዚህ ግን ስንቶቻችን ነን የውስጡን የምንለካው? የነፋስ መሙያው አፍ ለእጅ አይመችም። በረዶ፣ ጭቃ፣ ግራሶ አለ። ውጭውን በመዶሻ መትተን እናልፋለን። አንዱ 100 ሌላው 80 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ሲሆን ቁመታቸው ይለያያል። ረጅሙ ይሸከማል፣ አጭሩ እየተጎተተ ጥርሱን ይጨርሳል። ነዳጁም አብሮ ይሄዳል። ሱፐር ሲንግልን የምወደው በዚህ ነው። ሁሉም ከፊትህ ነው፣ ተደብቆ የሚቀር ጎማ የለም።

ሌሎች ሁለት ነገሮች ፈጠን ብዬ ልጥቀስ። በተለመደው አክስል ላይ ሰፊ ጎማ ለመግጠም ወደ ውጭ በሁለት ኢንች የሚወጣ ቸርኬ የሚያስገቡ አሉ። ያ ጭነቱን ወደ ውጭ ይገፋና ኩሽኔታውን ያስጨንቃል፤ ሳትቀይሩ በፊት አክስሉ ይፈቅድ እንደሆነ ሠሪውን ጠይቁ። በበረዶ ጊዜ ጎማ ላይ የሚታሰረው ሰንሰለትም ሌላ ነው። የድርቡ ሰንሰለት ለወፍራሙ አይሆንም፣ የራሱ መጠን አለው። በኮሎራዶ አይ-70 ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ሰንሰለት ይዘን እንድንሄድ ሕግ ያስገድደናል፤ ስለዚህ ይህ ሲገዛ የሚታሰብ ወጪ ነው።

ከዋምሰተር በኋላ ምን አደረግኩ? ትራኩን ወደ ድርብ መለስኩት። ትሬለሩን በሱፐር ሲንግል ተውኩት። ትሬለሩ ላይ ነፋስ ሲጎድል ራሱ የሚሞላ መሣሪያ አለ፣ ሁሉም ጎማ ላይ ደግሞ ግፊቱን ስክሪን ላይ የሚያሳየኝ ሴንሰር አስገጠምኩ። ከ900 ፓውንዱ ግማሽ ያህሉ ቀረልኝ፤ 44,000ውን ለመጫን ይበቃኛል። በበረዶ ላይ የሚገፋኝ ጎማ ሲበላሽ ግን በየትኛውም ከተማ ምትክ አገኛለሁ። ለእኔ የሠራው ይህ ነው፣ ለእኔ ጭነትና ለእኔ መንገድ።

ልጁ በመጨረሻ ነገረኝ። የሚጭነው የወረቀት ፎጣና ቺፕስ ነው። ትሬለሩ እስከ ጣሪያው ሲሞላ እንኳ 80,000 አጠገብ አይደርስም። መስመር የለውም፣ ሎድ ባገኘበት ይሄዳል፤ ዛሬ ሞንታና ነገ አርካንሳ። በባንክ ያለው ከቅድሚያ ክፍያው የተረፈው ብቻ ነው።

«ድርቡን ውሰድ» አልኩት። «የክብደቱ ጥቅም ላንተ የለም። የነዳጁ አለ። ግን እንደኔ አንድ ሌሊት ቢያጋጥምህ የመጀመሪያ ዓመትህ ነው የሚበላሽብህ። ወፍራሙን በኋላ ትመለስበታለህ።»

ከዚያ መለኪያዬን አወጣሁና አሁን የሚነዳውን የአሠሪውን ትራክ አብረን ዞርነው። ጠዋት በመዶሻ መትቶት ነበር። በቀኝ በኩል የኋለኛው አክስል ላይ የውጪው 104 አለ። እሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ እጁን አሳለፈና የውስጡን ለካ።

62።

ወዲያው ኮምፕረሰሩን ሊያስነሳ ሄደ። ክንዱን ይዤ መለስኩት። ከሚገባው ግፊት ከ80 በመቶ በታች ወርዶ የተነዳ ጎማ በጎኑ ውስጥ ያለው ሽቦ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲሁ ነፋስ ሲሞላ ጎኑ እንደ ዚፕ ተከፍቶ አጠገቡ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። ተፈትቶ ውስጡ መታየት አለበት። ለአሠሪው ደወለለት፣ ጎሚስታ ተጠራ። ጎማው ወርዶ ከቸርኬው ሲለይ ልጁ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አየ። ዙሪያውን የተፈጨ ጥቁር የጎማ ብናኝ ነበር።